«አንቺስ እንዴት ነሽ?»፦ በቀዶ ሕክምና የወለዱ እናቶችና ድኅረ ወሊድ ድባቴ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አገር፣ በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቦረና፣ የወግዲ፣ የሳይንትና የለጋምቦ ወረዳዎች፣ አንዲት እናት ስትገላገል ወደ ቤቷ የሚገባ ምእመን ሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ቃል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በየራሳቸው ምርቃት ደስታውን ይካፈላሉ። ቃሉ ምርቃትም ምስክርነትም ነው፤ እናቲቱ ከሞት ደጅ ደርሳ መመለሷን ይናገራል። ይልቁንም ምጥ ጸንቶባት ከቆላው በቃሬዛ ለወጣች፣ በአምቡላንስ መካነ ሰላም ሆስፒታል ለደረሰች ወይም እስከ ደሴ ተልካ በቀዶ ሕክምና ለተገላገለች እናት ቃሉ ሙሉ ትርጉም አለው።

ይሁን እንጂ ለአንዳንድ እናቶች ሌላው አደጋ የሚጀምረው ይህ ምርቃት ከተነገረ በኋላ ነው። ይህን የተረዳነው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት በአንድ የገጠር አጥቢያ ወንድ ልጅ ክርስትና ለማስነሣት በቆምንበት ጠዋት፣ በቀዶ ሕክምና የወለደች አንዲት ወጣት እናት ሕፃኑን ለክርስትና አባቱ ስታቀብል ፊቱን ሳታይ እጇን ሰበሰበች። ጸሎቱ ደረሰ፤ ሕፃኑ ተጠመቀ፣ ቆረበም። እኛም ዝምታዋን ከቁስሉ ሕመም ቆጥረን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለን አለፍን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወላጅ እናቷ መጥተው፣ ልጃቸው ሕፃኑን ማጥባት እንደተወች፣ ሌሊትም እየተነሣች ወደ ገደሉ አፋፍ እንደምትሄድ እያለቀሱ ነገሩን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጤና ባለሙያ ደርሳ ተርፋለች። ነገር ግን በዚያ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከቆምነው መካከል አንዳችንም እርሷ እንዴት እንደ ሆነች አልጠየቅናትም።

በቅርብ ዓመታት በቀዶ ሕክምና ወቅት በሚሰጡ የሚያረጋጉና የሚያደነዝዙ መድኃኒቶች ይህን ሕመም አስቀድሞ መከላከል ይቻል እንደ ሆነ ሰፊ ምርምር እየተካሄደ ነው። ዜናው ወደ ገጠሩም በተለያየ መልክ እየደረሰ ስለ ሆነ ምን እንደ ተገኘ፣ ምን እንዳልተገኘና ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ድባቴው ምን ዓይነት ሕመም ነው?

በወለደች በሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ያለ ምክንያት የምታለቅስ፣ በትንሽ ነገር ሆድ የሚብሳት እናት ብዙ ናት። ይህ ስሜት በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ያልፋል፤ ሕመም ተብሎ አይቆጠርም። ባለሙያዎች ድኅረ ወሊድ ድባቴ፣ ሕዝቡ ደግሞ ድብርት የሚለው ግን ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ነው። እናቲቱ ደስታ ከልቧ ይጠፋል፤ ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ እህል አልበላልሽ ይላታል፤ ራሷን እንደማትረባ እናት ትቈጥራለች፤ አልፎም ሞትን ትመኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ደረጃ ከወለዱ እናቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር፣ በዋናነትም ድባቴ ይገጥማቸዋል፤ በታዳጊ አገሮች ቁጥሩ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ይህም ማለት ክርስትና ከምናስነሣቸው ከአምስት ሕፃናት የአንዱ እናት ታማ ልትሆን ትችላለች።

መንሥኤው አንድ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ እጅግ ከፍ ብለው የነበሩ ሆርሞኖች ከወሊድ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላሉ። በዚህ ላይ ቀድሞ የነበረ ድባቴ፣ የባል ዱላ፣ ድህነት፣ ያልተፈለገ እርግዝና፣ የረዳት ማጣት ሲጨመር ሸክሙ ይከብዳል። በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ደግሞ የራሷ ተጨማሪ ፈተና አለባት፤ የሞት ፍርሃቱ፣ የቁስሉ ሕመም፣ ከሕፃኑ ለጥቂት ጊዜ መለየቱ፣ ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀም አለመቻሉ ይጫናታል። ከወሊድ በኋላ የሚሰማ ብርቱ ሕመም ከድባቴ ጋር እንደሚዛመድም ጥናቶች አሳይተዋል።

ይህን ስንል ግን ቀዶ ሕክምናን እንድትፈሩ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በቀዶ ሕክምና የተወለዱት ሕፃናት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ግን 21 በመቶ ደርሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ይህ ሕክምና ከጠቅላላው ወሊድ እስከ 10 በመቶ ሲደርስ የእናቶችና የጨቅላዎች ሞት እንደሚቀንስ ገልጿል። ስለዚህ የገጠሩ ችግር ቀዶ ሕክምናው ለሚያስፈልጋት እናት በጊዜው አለመድረሱ ነው። እናቲቱን ከሞት ያዳነው እጅ መመስገን ይገባዋል፤ ቀሪው ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ስለ መድኃኒቱ ምን ተገኘ?

ኬታሚን የተባለው የሰመመን መድኃኒት በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቀመመ ሲሆን ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰፊው ሲያገለግል ቆይቷል። እንደ ሌሎቹ የሰመመን መድኃኒቶች ትንፋሽን ብዙ ስለማያዳክም ረቂቅ መሣሪያ በሌለባቸው የገጠር ሆስፒታሎች ዘንድ፣ በአገራችንም ጭምር፣ የቆየ ወዳጅ ነው። በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ ድባቴን በሰዓታት ውስጥ ሊያቀልል እንደሚችል የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው። ግሉታሜት የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ሴሎች መካከል መልእክት የሚያስተላልፍበትን አንዱን በር ለጊዜው በመዝጋት እንደሚሠራ ሊቃውንቱ ያስረዳሉ። ከዚሁ መድኃኒት ተለይቶ የወጣው ኤስኬታሚን በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሌላ መድኃኒት ላልተሻላቸው የድባቴ ሕሙማን ተፈቅዷል።

በ2024 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ አንድ ጥናት የብዙዎችን ትኩረት ስቧል። በቻይና በአምስት ሆስፒታሎች የተካሄደ ሲሆን በእርግዝናቸው ወቅት የድባቴ ምልክት የታየባቸው 364 እናቶች ተሳትፈውበታል። ከእነርሱም መካከል በምጥ የወለዱም በቀዶ ሕክምና የወለዱም ነበሩ። እትብቱ ከታሰረ በኋላ ለግማሾቹ በኪሎ ግራም ክብደት 0.2 ሚሊ ግራም ኤስኬታሚን በ40 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ተሰጣቸው፤ ለግማሾቹ ደግሞ መድኃኒትነት የሌለው ፈሳሽ ተሰጠ። በ42ኛው ቀን ሲጠየቁ፣ መድኃኒቱን ካገኙት 6.7 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 25.4 በመቶ ከባድ ድባቴ ላይ ተገኙ። ከመቶ እናቶች ሃያ አምስቱ ይታመሙ የነበረው ወደ ሰባት ወረደ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ያለ ጣጣ አልነበረም። እንደ ማዞርና ነገርን አደባልቆ እንደማየት ያሉ ምልክቶች መድኃኒቱን ካገኙት በ45 በመቶው፣ ካላገኙት በ22 በመቶው ላይ ታይተዋል፤ ሆኖም ከአንድ ቀን በታች ቆይተው አልፈዋል። ዴክስሜዴቶሚዲን በተባለ ሌላ የሚያረጋጋ መድኃኒትም በቀዶ ሕክምና በወለዱ እናቶች ላይ በቻይና ተመሳሳይ ሙከራዎች ተደርገው ተስፋ ሰጪ ውጤት ተገኝቷል። በሌላ በኩል በአነስተኛ መጠን ኬታሚን ከተደረጉ ሙከራዎች መካከል ምንም ልዩነት ያላሳዩም አሉ። ጥናቶቹ በአመዛኙ በትልልቅ ሆስፒታሎች የተካሄዱ፣ እናቶቹንም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የተከታተሉ ናቸው። ስለዚህ ተስፋው እውነተኛ ቢሆንም ይህ አሠራር በቀዶ ሕክምና ለምትወልድ እናት ሁሉ የሚሰጥ የዘወትር መከላከያ ገና አልሆነም።

ከዚህ የተነሣ ለአንባብያን ሦስት ማሳሰቢያ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ቤተሰብ በቀዶ ሕክምናው ደጅ ቆሞ «ያን መድኃኒት ስጡልን» ማለት አይገባውም። ኬታሚን የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ በእርግዝና ምክንያት የደም ግፊት ላለባት እናት ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል። ምርጫው የሰመመን ባለሙያው ነው። ሁለተኛ፣ እንቅልፍ ለማምጣት ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ዲያዜፓም ከላይ ከተነገረው ጋር ምንም አንድነት የለውም። ድባቴን አይከላከልም፤ በጡት ወተት ተላልፎ ሕፃኑን ሊያፈዝዝና ሊያደክም ይችላል። ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ለአራስ እናት አይሰጥ። ሦስተኛ፣ ድባቴ ከያዛት በኋላም ቢሆን ሕክምና አለ። የምክር አገልግሎት፣ እንደ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉ የቆዩ መድኃኒቶችም በአገራችን ይታወቃሉ፤ ብዙ እናቶችም በባለሙያ ክትትል እያጠቡ መታከም ይችላሉ።

መድኃኒቱን የቀደመው ጥያቄ

ይህን ጥናት ልብ ብሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። እናቶቹ ለመድኃኒቱ የተመረጡት በደም ምርመራ ወይም በመሣሪያ አይደለም። ገና ነፍሰ ጡር ሳሉ አንድ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ ልባቸው ስለ ጠየቃቸው ነው። መድኃኒቱ መሥራቱ የታወቀውም በ42ኛው ቀን እንደ ገና ስለ ተጠየቁ ነው። ጥያቄ ባይኖር ኖሮ መድኃኒቱ ለማን እንደሚሰጥ የሚታወቅበት፣ ጥቅሙም የሚለካበት መንገድ አልነበረም።

መድኃኒቱ ወደ እኛ ሆስፒታሎች መቼ እንደሚደርስ ለመናገር አንችልም። ጥያቄው ግን ዋጋ አይጠይቅም፤ ቀኑም ቀድሞ በእጃችን አለ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ። ተመራማሪዎቹ የእናቶቹን ልብ ለመመርመር የቀጠሩት 42ኛው ቀን ከወንድ ልጅ ክርስትና በሁለት ቀን ብቻ ይርቃል። እነርሱ እናቶቹን በቀጠሮ ፈልገው ያገኙበት ሰሞን እናቲቱ በገዛ ፈቃዷ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሕፃኗን አቅፋ ወደ እኛ የምትመጣበት ሰሞን ነው። በክርስትናው ሥርዐትም ከሕፃኑ ጥምቀት አስቀድሞ ስለ እናቲቱ የሚደርስ ጸሎት አለ። ቤተ ክርስቲያን እናቲቱን ያልረሳችበትን ሰዓት እኛ አገልጋዮቿ ቸኩለን እንዳናልፈው ያስፈልጋል።

በየትኛው ቋንቋ ይጠየቅ?

በዓለም የታወቀው መጠይቅ በ1987 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው የኤደንብራ መጠይቅ ነው፤ አሥር ጥያቄዎች አሉት። በአገራችን የተደረገው ምርመራ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በአዲስ አበባ ልጆቻቸውን ለክትባት ባመጡ እናቶች ላይ ሲፈተን መጠይቁ በደንብ መሥራቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በቡታጅራ ገጠር በተደረገው ጥናት ግን ይኸው መጠይቅ ድባቴውን አጥርቶ ማሳየት አልቻለም። በዚያ የተሻለ ሆኖ የተገኘው ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ ድካም ጭምር የሚጠይቀው፣ ሃያ ጥያቄዎች ያሉት የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ነው።

የዚህ ምሥጢር ለወሎ ካህንና ዲያቆን እንግዳ አይደለም። የገጠር እናት «ድባቴ ይዞኛል» አትልም። «ራሴን ይበረቅሰኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ ጉልበቴ ከዳኝ» ትላለች። «ደኅና ነሽ ወይ?» ብንላት «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለናለች፤ ምስጋናው ሃይማኖቷ እንጂ የጤንነቷ ማረጋገጫ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄያችን ከቤቷ ቋንቋ ይነሣ፦ «ልጄ፣ ሕፃኑ ሲተኛ አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ይበላልሻል? ስታቅፊው ልብሽ ምን ይልሻል? ሆድ የሚብስሽ ጊዜ ይበዛል? ምነው በሞትሁ የሚያሰኝሽ ቀን አለ?» የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙዎቻችን ክፉ ሐሳብ እንዳናስገባባት ስለምንፈራ እንተወዋለን። ባለሙያዎች ግን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣው፣ ይልቁንም ብቻዋን የተሸከመችውን ሸክም እንደሚያቀልላት ያስረዳሉ።

ከጥያቄው በኋላ የሚከተለው እርዳታም የግድ ከሆስፒታል ብቻ አይመነጭም። በፓኪስታን በራዋልፒንዲ አካባቢ ገጠር፣ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ሠራተኞች በእርግዝናቸው መጨረሻ በድባቴ የተያዙ እናቶችን ቤት ለቤት እየጎበኙ እንዲያነጋግሩና እንዲያበረታቱ ሠልጥነው ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት በታተመው ውጤት መሠረት ከስድስት ወር በኋላ ከተጎበኙት እናቶች 23 በመቶ፣ በዚህ መንገድ ካልተጎበኙት ደግሞ 53 በመቶ አሁንም ድባቴ ላይ ተገኝተዋል። እነዚያ ሠራተኞች በየቀበሌያችን ካሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጋር የሚመሳሰሉ ናቸው። በቃልና በጉብኝት ብቻ የተገኘው ይህ ፍሬ ለእኛ አገልግሎት እጅግ የቀረበ ነው።

ከአጥቢያው የሚጠበቀው

የመጀመሪያው ጥያቄ ከወሊድ በፊት ይቅደም። የነፍስ አባት ነፍሰ ጡሯን ልጁን ሲጎበኝ ቀድሞ እንዲህ ያለ ሕመም አግኝቷት እንደ ነበር፣ በቤቷ ዱላ ወይም ጭንቀት እንዳለ ይጠይቅ። ምልክት ካየ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ለአዋላጇ እንድትናገር ያበረታታት። ጥያቄው ከንስሐ ውጭ፣ እንደ አባት ጨዋታ ቢሆን ይመረጣል፤ የንስሐ ምሥጢር የማይገለጥ ስለ ሆነ በንስሐ የሰማነውን ለጤና ባለሙያ መናገር አንችልምና። ከንስሐ ውጭ የነገረችንንም ቢሆን ፈቃዷን ጠይቀን እንናገር።

ሁለተኛው ካህኑ ወደ አራሷ ቤት ጠበል ለመርጨት ሲገባ ነው። በዚያን ጊዜ ልቅሶዋ ገና ከሚያልፈው ወገን ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ መልሷን ልብ ብሎ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መመለስ ወይም አንዲት የታመነች እናት መላክ ይገባል። ሦስተኛው የክርስትናው ቀን ነው። ሴት ልጅ የወለደች እናት ግን እስከ 80 ቀን ሳትጠየቅ መቆየት የለባትም፤ በአርባኛው ቀን ገደማ የሰንበት ትምህርት ቤት እኅቶች ወይም የጽዋ ማኅበር እናቶች ቤቷ ድረስ ሄደው ይጠይቋት። ሙስሊም እናቶችንም በዚሁ ልክ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የአካባቢው ሽማግሌዎች እንዲያስቧቸው መነጋገር ይገባናል፤ ሕመሙ ሃይማኖት አይለይምና።

አራስ ብቻዋን አትተውም የሚለው የአባቶቻችን ልማድ፣ ገንፎውና አጥሚቱ፣ የጎረቤቱ መሰብሰብ ታላቅ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ጠያቂው ሁሉ ሕፃኑን አይቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ሲሄድ እናቲቱ በሰው መካከል ብቻዋን ልትሆን ትችላለች። በቀዶ ሕክምና ለወለደች እናት እርዳታው ከወትሮው ረዘም ይበል፤ ከባድ እንስራ እንዳታነሣ፣ የታዘዘላትን የሕመም ማስታገሻ እንዳታቋርጥ፣ ሌሊት አንድ ሰው ሕፃኑን ተቀብሎ ጥቂት ሰዓት እንዲያስተኛት ባልና አማት ይስማሙ። «ሳታምጪ ወለድሽ» የሚል ቀልድም ከአራስ ቤት ይጥፋ።

ስለ ጠበልም ግልጽ ቃል መናገር ይገባል። ጸሎትና ሕክምና ተቃዋሚዎች አይደሉም። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል፤ ቅዱስ ባስልዮስም በቂሳርያ ለሕሙማን መጠለያና መታከሚያ ሠርቷል። የቀዶ ሕክምናው ቁስል ሳይሽር በብርድ መጠመቁ ይቆያት፤ ጠበሉን መጠጣቷ፣ ጸሎቱም አይከለከልም። መድኃኒት ጀምራ ከሆነ ለጠበል ብላ እንዳታቋርጥ ንስሐ አባቷ ራሱ ይንገራት፤ ከእርሱ አፍ ስትሰማው ትታዘዛለችና። ሞትን መመኘቷንም እንደ ክሕደት ቈጥረን አንገሥጻት፤ ሕመም ነው፣ ይታከማል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። እናቲቱ የሌለ ድምፅ የምትሰማ፣ ለቀናት እንቅልፍ አጥታ ንግግሯ የተደባለቀ፣ ወይም ራሷን አልያም ሕፃኑን ልትጎዳ እንደምታስብ የተናገረች እንደ ሆነ፣ ለአንዲት ሰዓት እንኳ ብቻዋን ሳትተው ሕፃኑም በሌላ ሰው እጅ ሆኖ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ትድረስ። ከሺህ ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን የሚያገኝ ይህ ብርቱ ሕመም ከተለመደው ድባቴ የተለየ ነው፤ ፈጥኖ ከታከመ ግን ይድናል።

ምርምሩ ቀጥሎ አንድ ቀን የሚያረጋጋው መድኃኒት በመካነ ሰላምም ሆነ በሌሎች የገጠር ሆስፒታሎች ለሚገባቸው እናቶች ይደርስ ይሆናል። ያን ቀን መድኃኒቱ ለየትኛዋ እናት እንደሚያስፈልግ ባለሙያው የሚያውቀው አስቀድሞ የጠየቃት ሰው ካለ ነው። እስከዚያውም መጠየቁ ራሱ የሕክምናው መጀመሪያ ነው። ስለዚህ የደብር አለቆች፣ ካህናት፣ ዲያቆናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ሁሉ ከሚቀጥለው ክርስትና ጀምራችሁ ይህን እንድትፈጽሙ በትሕትና እንጠይቃለን፦ ሕፃኑን ከባረካችሁና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካላችሁ በኋላ እናቲቱን ጥቂት ፈቀቅ አድርጋችሁ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» በሏት፤ መልሷንም ሳትቸኩሉ አድምጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።